ኖርተን፦ ደጋግሞ የተሸጠው ስም

ኤፕሪል 17 ቀን 2020 ዓለም በኮሮና ወረርሽኝ በሩን ዘግቶ በተቀመጠበት ሰሞን፣ ቲቪኤስ ሞተር የተባለው የሕንድ ኩባንያ የእንግሊዙን ኖርተን ሞተር ሳይክል መግዛቱን አስታወቀ። ዋጋው 16 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ ክፍያውም በጥሬ ገንዘብ። ሻጮቹ የኩባንያው ባለቤት አልነበሩም። ኖርተን ዕዳውን መክፈል አቅቶት ሲወድቅ ንብረቱን እንዲረከቡ የተሾሙ አስተዳዳሪዎች ነበሩ። ከ120 ዓመት በላይ የኖረና በእሽቅድምድም ታሪክ ከታላላቆቹ ተርታ የሚጠራ ስም በዚህ መልክ ባሕር ተሻግሮ ወደ ደቡብ ሕንድ ሄደ።

ለኖርተን መሸጥ አዲስ ነገር አይደለም። በ1953 ተሽጧል፣ በ1966 ተሽጧል፣ በ2008ም ተሽጧል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስም ከመቃብር በላይ ይቀራል እንደሚባለው፣ ፋብሪካው በተዘጋ ቁጥር ስሙ ብቻውን ቀርቶ አዲስ ገዢ ይጠብቅ ነበር። ገዢዎቹ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት ነገር አላደረጉም። አንዳንዱ ስሙን ይዞ ፋብሪካ ሠራ፤ አንዳንዱ ስሙን ይዞ ገንዘብ ሰበሰበ። በዚህ ልዩነት ውስጥ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ኢንዱስትሪ አወዳደቅና አነሣሥ በሙሉ ይታያል።

ነገሩ የተጀመረው በበርሚንግሃም ነው። ከተማዋ በብረታ ብረት ሥራና በትናንሽ ወርክሾፖች የታወቀች ነበረች። ጄምስ ላንስዳውን ኖርተን በ1898 ለብስክሌት ሠሪዎች መለዋወጫ የሚያቀርብ ድርጅት አቋቋመ፤ በ1902 ደግሞ ሞተር ሳይክል መሥራት ጀመረ። ሞተሩን ግን ራሱ አልሠራውም፤ ከውጭ አገር እያስመጣ ነበር የሚገጥመው። በ1907 በማን ደሴት የመጀመሪያው የቲቲ ውድድር ሲካሄድ ሬም ፋውለር የተባለው ጋላቢ በባለሁለት ሲሊንደሮቹ ምድብ አንደኛ የወጣው በኖርተን ላይ ተቀምጦ ነው። በዚያ ኖርተን ውስጥ ይጮህ የነበረው ሞተር ግን የፈረንሳዩ ፔዦ ሥራ ነበር። ዛሬ «ኖርተን የሕንድ ሆነ» ብለው የሚቆጩ ሰዎች የዚህን ስም የመጀመሪያ ታላቅ ድል ያመጣው የፈረንሳይ ሞተር መሆኑን ቢያስታውሱ ሐዘናቸው ቀለል ይላል።

የማን ደሴት ውድድር ምን እንደሆነ ሳያውቁ የኖርተንን ስም ክብደት መረዳት አስቸጋሪ ነው። ደሴቲቱ በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ትገኛለች። ውድድሩ የሚካሄደው ለእሽቅድምድም ተብሎ በተሠራ ሜዳ ሳይሆን ሰው በየዕለቱ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ነው። መንደር ያቋርጣል፣ በድንጋይ አጥር ጥግ ይታጠፋል፣ ተራራ ይወጣል፤ አንዱ ዙር ከ60 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በዚህ መንገድ ላይ የብዙ ጋላቢዎች ሕይወት አልፏል። እዚያ ያሸነፈ ሞተር ሳይክል ጠንካራ ነው ወይስ አይደለም ብሎ የሚከራከር አልነበረም፤ ፋብሪካዎችም ከድሉ የተሻለ ማስታወቂያ አያውቁም ነበር።

ኖርተን በ1924 የውድድሩን ዋና ምድብ አሸነፈ። መሥራቹ በሚቀጥለው ዓመት ቢሞትም ፋብሪካው በ1930ዎቹ የደሴቲቱ አለቃ ሆኖ ቆየ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ሞተር ሳይክሎችን ለጦር ኃይሉ አቀረበ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ከቤልፋስት የመጡት የማካንድለስ ወንድማማቾች አዲስ ሻንሲ ነደፉለት። በጊዜው የነበሩት ሻንሲዎች በፍጥነት ሲታጠፉ ይወዛወዙና ጋላቢውን ያስጨንቁ ነበር። አዲሱ ግን በሁለት ቱቦዎች ሞተሩን ከላይና ከታች ዙሪያውን አቅፎ የሚይዝ ስለነበር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሃሮልድ ዳንየል የተባለው ጋላቢ ሞክሮት ከወረደ በኋላ በላባ ፍራሽ ላይ እንደመተኛት ነው በማለቱ ሻንሲው በዚያው «የላባ ፍራሽ» የሚል ስም ወጣለት። በ1950 ጄፍ ዱክ በዚህ ሻንሲ ዋናውን ምድብ አሸነፈ።

ስሙ ከውድድር ሜዳም ውጭ ታሪክ አለው። ኤርኔስቶ ጉቬራ፣ በኋላ ቼ የተባለው፣ ገና የሕክምና ተማሪ ሳለ ከጓደኛው ከአልቤርቶ ግራናዶ ጋር በ1952 ደቡብ አሜሪካን ለማቋረጥ የተነሣው በ1939 በተሠራ 500 ሲሲ ኖርተን ነበር። «ኃያሏ» ብለው የሰየሟት ይህች ሞተር ሳይክል ቺሊ ላይ ስትደርስ እስከ ወዲያኛው ተሰበረች፤ ሁለቱ ወጣቶችም የቀረውን መንገድ ያለ እሷ ጨረሱት።

የፋብሪካው ዕጣም ከዚህ ብዙ አልራቀም። በ1953 ኖርተን ኤኤምሲ ለተባለ የለንደን ኩባንያ ተሸጠ፤ ከአሥር ዓመት በኋላም የበርሚንግሃሙ ፋብሪካ ተዘግቶ ሥራው ወደ ለንደን ተዛወረ። በ1966 ኤኤምሲ ራሱ ከሰረ። ቅሪቱን የገዛው በዴኒስ ፑር የሚመራ ድርጅት በሚቀጥለው ዓመት ኮማንዶ የተባለውን ሞተር ሳይክል ይዞ ብቅ አለ።

ኮማንዶ የእንግሊዝን ኢንዱስትሪ ብልሃትም ድካምም አንድ ላይ ያሳያል። ብልሃቱ ንዝረትን በማጥፋቱ ላይ ነበር። ሁለት ፒስተኖች እኩል ወጥተው እኩል ሲወርዱ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ የሞተሩ መጠን በጨመረ ቁጥርም የጋላቢው እጅ ይደነዝዛል፣ ብሎኖች ይላላሉ፣ አምፖሎች ይቃጠላሉ። ቀድሞ በሮልስ ሮይስ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ስቴፋን ባወር የመራው ቡድን ሞተሩን፣ ማርሹንና የኋላውን ጎማ የሚይዘውን ክንድ በአንድነት አስሮ፣ ከሻንሲው ጋር በጎማ ላይ እንዲቀመጡ አደረገ። ንዝረቱ ጎማው ላይ ቀረ። የእንግሊዝ የሞተር ሳይክል ጋዜጣ አንባቢዎች ኮማንዶን ለአምስት ተከታታይ ዓመታት የዓመቱ ምርጥ ብለው መረጡት።

ድካሙ ደግሞ ሞተሩ ነበር። በጎማ የተለሰለሰው ሞተር በ1949 ለገበያ ከቀረበው ዶሚኔተር በቀጥታ የወረደ አሮጌ ንድፍ ነው። መሐንዲሶቹ አዲስ ሞተር የሚሠሩበት ገንዘብ ስላልነበራቸው አሮጌው ሳያስቸግር እንዲሠራ ዘዴ ፈለጉ። በዚያው ዘመን ጃፓኖች ከሥሩ እየጀመሩ ነበር። በ1969 ገበያ ላይ የዋለው የሆንዳ ሲቢ 750 አራት ሲሊንደር፣ በቁልፍ የሚነሣ ስታርተርና የፊት ዲስክ ፍሬን ይዞ መጣ፤ ዘይትም አያንጠባጥብም። የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ገዢ ግን ጠዋት ጠዋት እየረገጠ ያስነሣ ነበር፤ ካቆመበት ሲነሣም ከሥር የዘይት ጠብታ ይተው ነበር። ኮማንዶ ስታርተር የተገጠመለት በ1975 ነው፤ ያም ቢሆን ጉልበቱ ደካማ ነበር።

መንግሥት በ1973 የቀሩትን ፋብሪካዎች ኖርተን ቪሊየርስ ትራያምፍ በሚል ስም አዋሐዳቸው። ኩባንያው በሜሪደን የሚገኘውን የትራያምፍ ፋብሪካ እዘጋለሁ ሲል ሠራተኞቹ በሩን ዘግተው ግቢውን ያዙት፤ ሥራም ቆመ። ከሁለት ዓመት ክርክር በኋላ ፋብሪካው በሠራተኞቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር እጅ ገባ። ኮማንዶም በ1970ዎቹ መጨረሻ ምርቱ ቆመ። በአንድ ወቅት ከአውሮፓ እስከ አሜሪካ ገበያውን ይመራ የነበረው ኢንዱስትሪ ከሃያ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተበታተነ።

ከዚያ በኋላ ኖርተን አልሞተም፣ አልዳነምም። በ1980ዎቹ በእንግሊዝ ሸንስቶን በተባለ ቦታ በፒስተን ፋንታ የሚሽከረከር አካል ያላቸውን ሞተር ሳይክሎች በጥቂቱ እየሠራ ለፖሊስ አቀረበ። በ1992 ስቲቭ ሂስሎፕ በዚሁ ዓይነት ሞተር በማን ደሴት ከካርል ፎጋርቲ ጋር ተናንቆ ዋናውን ምድብ ሲያሸንፍ የድሮዎቹ ደጋፊዎች ደስታ ወሰን አልነበረውም። ኩባንያው ግን ባለ ድል ሆኖም የገንዘብ ችግሩ አልተፈታለትም። ስሙ አትላንቲክን ተሻገረ። በአሜሪካ ኦሬገን ግዛት ኬኒ ድሪር የተባለ አዳሽ አዲስ ኮማንዶ ነድፎ ወደ ምርት ሊገባ ሲል ገንዘብ አለቀበት።

በ2008 ስሙንና የድሪርን ንድፍ የገዛው እንግሊዛዊው ነጋዴ ስቱዋርት ጋርነር ነው። ኖርተንን ወደ አገሩ መለሰው፤ በዶኒንግተን የእሽቅድምድም ሜዳ አጠገብ ሥራ አስጀመረ፤ በኋላም ዶኒንግተን ሆል ወደተባለ የመሳፍንት ቤት አዛወረው። ኮማንዶ 961 በእጅ እየተገጣጠመ ይሸጥ ጀመር። ጋዜጦች ስለ ትንሣኤው ጻፉ፤ የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆርጅ ኦዝቦርን በ2015 መጥተው ጎበኙት። ባለአራት ሲሊንደሩ ቪ4 ይመጣል ሲባልም ደንበኞች ቀብድ ከፈሉ፤ ሙሉ ዋጋውን የከፈሉም ነበሩ። ብዙዎቹ ሞተር ሳይክሉን ሳያዩ ዓመታት አለፉ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣ እንደነበር የታወቀው በኋላ ነው። 228 ሰዎች የጡረታ ቁጠባቸውን ጋርነር ባለአደራ በሆነባቸው ሦስት የጡረታ ፈንዶች ውስጥ አስገብተው ነበር፤ ያ ገንዘብ፣ ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ፣ የገባው ኖርተን ውስጥ ነው። ሕጉ እንዲህ ያለ ፈንድ ከገንዘቡ ከአምስት በመቶ በላይ በአሠሪው ድርጅት ላይ እንዳያውል ይከለክላል። በጃንዋሪ 2020 ኩባንያው ወደ አስተዳዳሪዎች እጅ ሲገባ ቆጣቢዎቹ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የጡረታ ጉዳዮች ዕንባ ጠባቂ በዚያው ዓመት ጋርነር በእምነት ማጉደል ተጠያቂ ነው ሲል ወሰነ። በ2022 በፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኖ የስምንት ወር እስራት ተፈረደበት፤ ቅጣቱም በገደብ ታገደለት።

ቲቪኤስ የገዛው እንዲህ የቆሰለ ስም ነው።

የገዢውን ማንነት ማወቅ ይጠቅማል። የቲቪኤስ ቤተሰብ ንግድ የተጀመረው በ1911 በደቡብ ሕንድ ማዱራይ ከተማ ሲሆን መሥራቹ ቲ.ቪ. ሱንድራም አያንጋር በአውቶቡስ ትራንስፖርት ነው የጀመሩት። ዛሬ ቲቪኤስ ሞተር ከሕንድ ታላላቅ የሞተር ሳይክል አምራቾች አንዱ ነው። ከ2013 ጀምሮ ከጀርመኑ ቢኤምደብሊው ጋር ተስማምቶ አነስተኛዎቹን የቢኤምደብሊው ሞተር ሳይክሎች በሆሱር ፋብሪካው ይሠራል። ርካሽ ሞተር ሳይክል በብዛት ማምረት ያውቅበታል፤ ያልነበረው በአውሮፓ በውድ ዋጋ የሚሸጥ ስም ነበር።

አዲሱ ባለቤት በመጀመሪያ ያደረገው ነገር አዲስ ምርት ማስተዋወቅ አልነበረም። በቀድሞው አስተዳደር ጊዜ የተሸጡትን ቪ4 ሞተር ሳይክሎች ለመሐንዲሶቹ ሰጥቶ አስመረመረ። ውጤቱ በ2021 ይፋ ሲሆን 35 የደኅንነት ጉድለቶች ተዘርዝረው ነበር፤ ባለቤቶቹም እንዳይነዱት ተነገራቸው። ስም ገዝቶ የስሙን ነውር በአደባባይ መናገር በንግዱ ዓለም የተለመደ አይደለም። ቲቪኤስ ግን ያንን ሳይናገር የሚቀጥለውን ሞዴል ማንም እንደማያምንበት ተረድቶ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በበርሚንግሃም አጠገብ በሶሊሃል አዲስ ፋብሪካ ተከፈተ፤ የታረመው ቪ4 ኤስቪም ከዚያ ወጣ። በኤፕሪል 2022 ደግሞ ኩባንያው 100 ሚሊዮን ፓውንድ በኖርተን ላይ እንደሚያውል አስታወቀ፤ ለስሙ ከከፈለው ከስድስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው።

የእነዚህን ቁጥሮች ትርጉም ለመረዳት የትራያምፍን ታሪክ ማየት ይበቃል።

የሜሪደኑ የሠራተኞች ማኅበር በ1983 ሲከስር የትራያምፍን ስም የገዛው ጆን ብሉር ነው። ብሉር የከሰል ማዕድን ቆፋሪ ልጅ ነው፤ በ15 ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ በልስን ሥራ ጀምሮ በቤት ግንባታ የበለጸገ ሰው ነበር እንጂ ከሞተር ሳይክል ጋር ግንኙነት አልነበረውም። የሜሪደኑ ፋብሪካ ፈረሰ፤ በቦታውም ቤቶች ተሠሩ። ብሉር ቦነቪል የተባለው አሮጌው ሞዴል እንዳይረሳ ለሌላ ሰው ፈቃድ ሰጥቶ በጥቂቱ እንዲመረት አደረገ፤ እሱ ግን ድምፁን አጥፍቶ ወደ ጃፓን ሄደ፤ የጃፓኖችን ፋብሪካዎች አየ። ከዚያ በእንግሊዝ ሂንክሊ መሬት ገዝቶ ፋብሪካ ሠራ፤ መሐንዲሶቹም ከአሮጌው ሞተር አንድ ብሎን እንኳ ሳይወስዱ አዲስ ነደፉ። የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ለሕዝብ የታዩት በ1990 በኮሎኝ ትርዒት ነው፤ ከግዢው ሰባት ዓመት በኋላ። ኩባንያው ወጪና ገቢውን ያመጣጠነው በ2000 ሲሆን ይህም ከግዢው 17 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ብሉር የሠራው ሌላም ብልሃት አለ። ሰው ትራያምፍ ሲባል ትዝ የሚለውን ቦነቪልን ወዲያው አልመለሰም። መጀመሪያ ዘይት የማያፈስ፣ ጠዋት በቁልፍ የሚነሣ፣ ከጃፓኖቹ ጎን ቢቆም የማያሳፍር ሞተር ሳይክል ለዓመታት ሸጦ እምነት አተረፈ። ናፍቆትን ወደ ገበያ ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ አዲሱ ቦነቪል የመጣው በአዲሱ ምዕተ ዓመት መግቢያ ላይ ነበር። በማርች 2002 እሳት ዋናውን ፋብሪካ ቢያወድመውም በወራት ውስጥ ሥራው ቀጠለ። ዛሬ ትራያምፍ አብዛኛውን ምርቱን በታይላንድ ይሠራል፤ ከ2019 ጀምሮም ለሞቶ2 የዓለም ሻምፒዮና የሁሉንም ተወዳዳሪዎች ሞተር ያቀርባል። በ2024 ከ130 ሺህ በላይ ሞተር ሳይክሎችን ሸጧል።

የኢትዮጵያ አንባቢ በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የሚያውቀው ስም ያገኛል። ከድሬዳዋ እስከ ባሕር ዳር ባለሦስት እግሩን ተሽከርካሪ የምንጠራበት ባጃጅ የሠሪው የሕንድ ኩባንያ ስም ነው። ይኸው ባጃጅ በ2020 ከትራያምፍ ጋር ውል ተፈራርሞ ባለ 400 ሲሲ ትራያምፎችን ፑኔ ከተማ አጠገብ በሚገኘው ቻካን በተባለ ቦታ ባለው ፋብሪካው ይሠራል። ንድፉ የሂንክሊ ነው፤ ብየዳው፣ ቀለሙና ፍተሻው የባጃጅ።

ሕንድ ውስጥ የእንግሊዝ ስም ነፍስ ሲዘራ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1955 በማድራስ የተቋቋመው የሮያል ኤንፊልድ ፋብሪካ የሕንድን ጦር ሠራዊት የሚያገለግለውን ቡሌት የተባለ ሞተር ሳይክል ይሠራ ነበር። የእንግሊዙ ወላጅ ኩባንያ ሲሞት ልጁ በማድራስ መሥራቱን ቀጠለ። በ1994 አይሸር የተባለው ድርጅት ገዛው፤ በ2000 ሲዳርታ ላል በ26 ዓመቱ ኃላፊነቱን ሲረከብ ኩባንያው ለመዘጋት ተቃርቦ ነበር። ላል የቡሌትን መልክ ሳይነካ ሞተሩን ቀየረ፣ የጥራት ቁጥጥሩን አጠበቀ፣ በ2017 ደግሞ በእንግሊዝ ሌስተርሸር የንድፍና የፍተሻ ማዕከል ከፈተ። ኩባንያው ማርች 2025 ላይ በተጠናቀቀው የበጀት ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሞተር ሳይክሎችን ሸጠ። ሌላው የሕንድ ኩባንያ ማሂንድራም በ1950ዎቹ በዓለም ትልቁ የሞተር ሳይክል አምራች የነበረውን የቢኤስኤን ስም በ2016 ገዝቶ በ2021 ጎልድ ስታር የተባለውን ሞዴል መልሷል።

የሕንድ ኩባንያዎች ወደ እነዚህ ስሞች የሚሳቡት በቅኝ ግዛት ዘመን ትዝታ ብቻ አይደለም። አንድ ርካሽ ሞተር ሳይክል የሚያስገኘው ትርፍ ጥቂት ነው፤ ውድ የሆነው ደግሞ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚሸጠው ገዢው በሚያውቀውና በሚያከብረው ስም ነው። እንዲህ ያለ ስም ከባዶ ለመገንባት ሃምሳ ዓመት ይወስዳል፤ የወደቀ የእንግሊዝ ስም ግን በአንድ ፊርማ ይገዛል። እንግሊዝ በበኩሏ ነዳፊዎች፣ የእሽቅድምድም መሐንዲሶችና ልምድ ያላቸው መካኒኮች አሏት። ገንዘቡና የማምረት አቅሙ ከሕንድ፣ ንድፉና ታሪኩ ከእንግሊዝ ሲሆን ሁለቱም ወገን የጎደለውን ያገኛል።

ኖርተን በኖቬምበር 2025 በሚላን የሞተር ሳይክል ትርዒት ላይ አዲሶቹን ሞዴሎቹን አሳይቷል። ከፊት የቆመው ማንክስ አር ይባላል፤ 1200 ሲሲ ባለአራት ሲሊንደር ሞተር አለው፤ ጉልበቱም ከ200 የፈረስ ጉልበት ይበልጣል። አትላስ የተባለው ደግሞ በዋጋ ዝቅ ያለ፣ ባለሁለት ሲሊንደር፣ ለረጅምና ለጥርጊያ መንገድ የሚሆን ነው። ሁለቱም ስሞች ከኖርተን የድሮ መዝገብ የተወሰዱ ናቸው፤ መልካቸው ግን የድሮውን አይመስልም። በዚህ ቲቪኤስ የብሉርን መንገድ መርጧል፤ አሮጌውን ኮማንዶ አሳምሮ በመሸጥ ፋንታ ዛሬ ከጣሊያንና ከጀርመን ጋር የሚፎካከር ዕቃ ይዞ መጥቷል።

በትራያምፍ ሚዛን ከተለካ ኖርተን ገና መንገድ ላይ ነው። ብሉር ወጪና ገቢውን ለማመጣጠን 17 ዓመት ፈጅቶበታል፤ ያው ዕድሜ ለቲቪኤስ ቢሰጠው 2037 ላይ ያደርሰዋል። እስካሁን ያለው ፋብሪካ፣ መሐንዲስ፣ ገንዘብና ያለፈውን ጥፋት በግልጽ የመናገር ድፍረት ነው፤ ይህም ካለፉት ሃምሳ ዓመታት የኖርተን ባለቤቶች ማንም በአንድነት ያላሟላው ነው። የቀረው መለዋወጫ የሚገኝበትና ጥገና የሚደረግበት ሱቅ በየአገሩ መኖሩ፣ ቀብድ የከፈለ ደንበኛም ሞተር ሳይክሉን በተባለው ቀን መረከቡ ነው። ኖርተን ተነሥቷል ለማለት ይህ በተከታታይ ጥቂት ዓመታት መታየት አለበት።